የሳንባ ትንፋሽ ምርመራ የታዘዘላት እናት ላላችሁ፦ ቁመቷን ለክታችሁ ሂዱ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት አየሁት። እናትሽ 60 ዓመታቸው ነው፤ ከደብረ ሲና በላይ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ ሲጋራ ነክተው አያውቁም። ሳልና ትንፋሽ ማጠር ስላስቸገራቸው ስፓይሮሜትሪ፣ ማለትም ማሽን ላይ በተገጠመ ቱቦ በኃይል የሚነፋበት የሳንባ ምርመራ፣ ታዘዘላቸው። «ውጤቱን የሚያበላሽ ነገር ካለ ንገሩኝ» ብለሻል። አለ እንጂ! እኔም እናቴን ይዤ ሁለት ጊዜ አስነፍቻታለሁ። የመጀመሪያው ውጤት ከንቱ ነበር። በዚያ ወረቀት የተነሳ ሦስት ወር ሙሉ ስናለቅስ ከረምን። አንቺ እንዳይደርስብሽ ብዬ ነው የማስረዝመው።

1ኛ። ቁመታቸውን ቤት ለክተሽ ሂጂ። ጫማ አውልቀው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ በሴንቲ ሜትር።

ማሽኑ እናትሽ የነፉትን አየር ብቻ አይደለም የሚያየው። በዕድሜ፣ በጾታና በቁመት እሳቸውን የሚመስል ጤነኛ ሰው ስንት ይነፋል ብሎ ያሰላል። ከዚያ ጋር ያወዳድራቸዋል። ረጅም ሰው ሰፊ ሳንባ ይኖረዋል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ቁመቱ ከተጋነነ የሚጠበቅባቸውም አብሮ ይጨምራል። ያኔ ደህናው ሳንባ የታመመ ይመስላል።

እኛ አዲስ አበባ የሄድንበት ቦታ የሚያስነፋው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ቁመቷ ስንት ነው?» አለኝ። መለኪያው እዚያው በሩ ጀርባ ቆሟል። «አትለካም እንዴ?» ስለው «ወረፋውን አታዪም? ዝም ብለሽ ገምቺ» አለ። 1 ሜትር ከ68 አልኩት። እማዬ ለኔ ሁሌም ረጅም ናት። ኋላ በትክክል ስትለካ 1 ሜትር ከ54 ሆና ተገኘች። 14 ሴንቲ ሜትር! ያ ግምት ስንት እንዳስከፈለን ቀጥሎ ታዪዋለሽ።

ልጁ በዚያ አላበቃም። «አንቺ፣ ንፊ! ንፊ እንጂ!» እያለ ጮኸባት። 61 ዓመት የሆናትን፣ ሰባት ልጅ ያሳደገችን ሴት «አንቺ» ይላታል። እስካሁን ያንገበግበኛል። እማዬ ደነገጠች፤ ሰው ፊት ስለሆነ አፈረች። ቱቦውን በከንፈሯ በደንብ እንኳ አልያዘችውም። ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ አቆመች። እሱም «ይበቃል» ብሎ አተመው።

አይበቃም ነበር። ሰው መንፋት ያለበት አየሩ እስኪያልቅ ነው፤ ለትልቅ ሰው 6 ሰከንድና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ከቁጥሮቹ ዋናው፣ ከጠቅላላው አየር ውስጥ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው ስንት እጅ ነው የሚለው ነው። ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው ቧንቧ ከፋች መድኃኒት፣ ከተወሰደ በኋላም ከ70 በመቶ በታች ከሆነ የአየር ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ሰው መሃል ላይ ካቆመ ግን ጠቅላላው ያንሳል። የመጀመሪያዋ ሰከንድ ድርሻ ደግሞ ትልቅ ይመስላል። የጠበበው ቧንቧ ይደበቅና ሳንባው ራሱ የተኮማተረ ይመስላል።

እማዬ ላይ የሆነው ይኸው ነው። «ከሚጠበቅባት 64 በመቶ» የሚል ወረቀት ሰጡን። ሳንባዋ ጠባሳ ይዞ ተኮማትሮ ሊሆን ይችላል ተባልን። ሲቲ ስካን ታዘዘ። ለሱ ሁለት በግ ሸጠናል፤ ለፋሲካ የቀለቧቸው የመንዝ በጎች ነበሩ። ሲቲው ምንም ጠባሳ አላሳየም። እሷ ግን «ሳንባዬ አልቋል» ብላ ኑዛዜ እስከመናዘዝ ደርሳ ነበር።

2ኛ። መቀነት ይፈታ። እማዬ መቀነቷን ሦስት ዙር ጥብቅ አድርጋ ነው የምትታጠቀው። የዚያን ቀን እኔ ደግሞ «ባዶ ሆድሽን አትሄጂም» ብዬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የገብስ ገንፎ አገንፍቼ ይዤላት፣ መናኸሪያ ከወረድን በኋላ አበላኋት። ገብታ ስትነፋ ከበላች ግማሽ ሰዓት አልሞላትም። ሰው ሲተነፍስ ከደረትና ከሆድ መሃል ያለው ጡንቻ ወደ ታች መውረድ አለበት። ሆድ በገንፎ ሞልቶ፣ ወገብ በመቀነት ታስሮ የት ይወርዳል? ከባድ ምግብ ከበሉ ቢያንስ 2 ሰዓት ይለፍ። ጠዋት ቀለል ያለ ነገር ይበቃቸዋል። ውፍረት፣ እርግዝና፣ የጎበጠ ጀርባም እንዲሁ የሚነፋውን አየር ይቀንሳሉ። እነሱ በአንድ ቀን አይስተካከሉም፤ መቀነት ግን ይፈታል።

3ኛ። ቡና። ይሄን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች አያምኑኝም። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአየር ቧንቧን ለጥቂት ሰዓታት ትንሽ ከፈት ያደርጋል። ጠዋት ጠጥተው ከሄዱ ውጤቱ ከእውነተኛው የተሻለ ሊመስል ይችላል። እኔ ለሁለተኛው ቀን ፔርሙስ ሞልቼ ይዤላት ሄድኩ፤ እንደጨረሰች እዚያው ግቢ ውስጥ ቀዳሁላት። አረቄና ጠላም ከምርመራው በፊት ባሉት 8 ሰዓታት ውስጥ አይቀመስ። ማኅበር ወይም ዝክር ካለ ቀጠሮውን ለማግስቱ አታድርጊው። የሚያጨስ ሰው ደግሞ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ይታቀብ። ዘግይተሽ ደርሰሽ ደረጃ እያስሮጥሽም አታስገቢያቸው።

ፓፍ የሚወስዱ ከሆነ ነገሩ ከቡናም ይብሳል። ሐኪሙን በምን ሰዓት እናቁም ብለሽ ጠይቂ። አጭሩ፣ ሳልቡታሞል የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል፤ ረጅሙ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በራስሽ ግን አታስቁሚ። መንገድ ላይ ትንፋሽ ካጠራቸው ይውሰዱ፤ ሰዓቱን ጽፈሽ ተናገሪ። ለምርመራ ብሎ ሰው አይታፈንም።

ጉንፋን ይዟቸው ከሆነ ቀጠሮውን አዘዋውሪ። በኅዳርና በታኅሣሥ የኛ አገር ብርድ ማንን ይምራል? ጉንፋን ለቆም ቧንቧው ለሳምንታት ሊቆጣ ይችላል። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ አስቀድሞ አክታቸው ለቲቢ ይታይ። በፊት ቲቢ ታመው ከዳኑም ተናገሪ፤ የዳነ ቲቢ የሚተወው ጠባሳ የትንፋሹን ቁጥር ያወርዳል። ልብ ድካምም እንዲሁ። በቅርብ የዓይን ሞራ ከተገፈፉ፣ ሆዳቸውን ወይም ደረታቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ፣ ወይም ደም ካሳላቸው ሳትናገሪ እንዳይነፉ። አነፋፈሱ በኃይል ስለሆነ ሊጎዳቸው ይችላል። እኛን ማንም አልጠየቀንም።

ሌላም ያልጠየቁን ነገር ነበር። «ታጨሳለች?» አሉ፣ «አታጨስም» አልኩ፣ አለቀ። እናትሽም አያጨሱም ብለሻል። ታዲያ እንጀራው በምን ይጋገራል? የእማዬ አገር፣ የመንዙ መሐል ሜዳ፣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዛፍ እንደ ልብ የለም፤ ማገዶው ኩበት ነው። እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ መስኮት በሌለው ጎጆ የኩበት ጭስ እየሳበች ነው ያረጀችው። ለብርዱም እሳቱ ሌሊቱን አይጠፋም። ሲጋራ ሳይነካ የአየር ቧንቧ የሚያጠብብ ጭስ ነው ይሄ። በሽታው ሲኦፒዲ ይባላል። እናትሽም ይሄው ነው የሚመስለኝ፤ ሳይጠየቁ በፊት አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ።

ሁለተኛ ጊዜ ያየቻት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችው «እማማ፣ በምን ነው የሚጋግሩት?» ብላ ነው። እኔ እዚያው እንባዬ መጣ። ራሷ ለካቻት። መቀነቷን አስፈታቻት። መጀመሪያ ራሷ ነፍታ አሳየቻት። ከዚያ «ሙሉውን ይሳቡ፤ አሁን ይግፉት፣ ይግፉት፣ ገና ነው እማማ፣ አለ፣ አለ!» እያለች ስድስት ጊዜ አስነፋቻት። ከሁሉ የበለጡት ሁለቱ ካልተቀራረቡ ውጤቱ አይታመንም አለችኝ፤ ልዩነታቸው ከ150 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ ፓፍ አራት ጊዜ ሰጥታ ሩብ ሰዓት አስጠብቃ ደገመቻት። ጠቅላላው አየር ከሚጠበቅባት 82 በመቶ ሆነ። የመጀመሪያዋ ሰከንድ ድርሻ ግን 61። ሳንባዋ አልተኮማተረም። የጠበበው ቧንቧው ነው፤ ያጠበበውም ጭሱ ነው።

መድኃኒት ጀመረች። እኔና ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ቆርቆሮ ጭነን ሄደን ከቤቱ የተለየ ማድቤት ሠራንላት፤ ሰፊ መስኮትና ጣሪያውን አልፎ የሚወጣ ጭስ ማውጫ ያለው። ሠፈሩ ሁሉ መጥቶ አይቶታል፤ ሁለት ጎረቤቶችም ያንኑ ሠርተዋል። የተጎዳው ሳንባ እንደ ድሮው አይመለስም ብላናለች ሐኪሟ። ሆኖም እማዬ ዘንድሮ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት አንዴ ብቻ አርፋ ወጥታዋለች። አምና አራቴ ነበር የምትቀመጠው።

አንድ የረሳሁት፦ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ሌላ ነው፣ ከንፊያው ጋር አታምታቺው። ደጋ ላይ ቁጥሩ ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት ካለ ሰው ዝቅ ማለቱ ያለ ነው፤ ብቻውን አያስደንግጥሽ። የት እንደለኩት ንገሪያቸው።

ቀጠሮው መቼ እንደሆነ አልጻፍሽም። ወረቀቱን ሲሰጡሽ መጀመሪያ ከላይ ዕድሜና ቁመት የተጻፈበትን እዪ። ቤት ከለካሽው ጋር ካልገጠመ ከመስኮቱ ሳትርቂ መልሺላቸው፤ ቢቆጡም ቁሚ። ከዚያ ቁጥሮቹን እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።