ባሕሩ ሲናወጥ ሮክፊሽ ማጥመድ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በኒውጀርሲ የምትኖሩ ወገኖች ስለ ስትራይፕድ ባስ፣ እዚህ እኛ አካባቢ ሮክፊሽ ስለሚባለው ዓሣ፣ ብዙ ጥያቄ ልካችኋል። አብዛኛው ነፋስና ማዕበል ስላለበት ቀን ነው። ይህ ደስ አሰኝቶኛል፤ ሌላው ሰው ዕቃውን ሸክፎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው ትልቁ ዓሣ ወደ ዳር የሚጠጋው።

ጋሼ፣ ባሕሩ እንዲህ ሲቆጣ ዓሣው ወደ ጥልቁ አይሸሽም?

ብዙው ይሸሻል፤ ሮክፊሽ ግን ለዚህ የተፈጠረ ነው። ሰውነቱ ጠንካራ፣ ጅራቱ ሰፊ ስለሆነ ሞገድ በሚሰበርበት ቦታ ያለ ችግር ይቆማል። ትናንሾቹ ዓሦች አረፋው ውስጥ መሄጃው ይጠፋባቸዋል፣ እሱም ይለቅማቸዋል። በዚያ ላይ ማዕበሉ አሸዋውን እየቆፈረ ክላም የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳና ሸርጣኑን ይነቅልለታል። አልበርት ማክሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1982 አትላንቲክ ሲቲ ላይ 78 ፓውንድ ተኩል የሚመዝን ዓሣ ያወጣው ከሰሜን ምሥራቅ በሚነፍስ ከባድ ነፋስ፣ በሌሊት፣ ወደ ባሕሩ ከገባ የድንጋይ ግድብ ላይ ቆሞ ነው። ያ የዓለም ክብረ ወሰን የተሰበረው በ2011 ኮነቲከት ውስጥ ነበር።

የእኔ ውርወራ ሩቅ አይሄድም። አጠገቤ የሚቆሙት ከእኔ እጥፍ ርቀት ይወረውራሉ። ትርፉ ድካም ነው?

የለም ወንድሜ። እንዲያውም በዚህ ቀን ሩቅ የሚወረውረው ሰው ብዙ ጊዜ ዓሣውን አልፎ ነው የሚጥለው። ከመወርወርህ በፊት አንድ ሞገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በዓይንህ ተከተል። ራቅ ብሎ ያለው የአሸዋ ጉብታ ላይ ሲደርስ ይነሣና ነጭ ሆኖ ይሰበራል። ከዚያ አረፋው እየሳሳ ይሄድና ውሃው ጠቆር ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ እግርህ ሥር እንደገና ተነሥቶ ይፈርሳል። በሁለቱ ስብራት መካከል ያለው ጠቆር ያለ ውሃ ከዳርቻው ጋር ትይዩ የሚሄድ ቦይ ነው። ሮክፊሽ የሚመላለሰው እዚያ ውስጥ ነው። አንዳንድ ቦታ ከእግርህ ሃያ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም።

ግራና ቀኝም ተመልከት። ሞገዱ በሁለቱም ወገን እየተሰበረ መሐል ላይ ሳይሰበር የሚያልፍበት ቦታ ካለ ጉብታው እዚያ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ዓሣው የሚገባበትና የሚወጣበት በር እሱ ነው። ይህን በማዕበል መሐል መለየት ካስቸገረህ፣ ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን ውሃው ሲጎድል ሂድና ዳርቻውን ፎቶ አንሥተህ ያዝ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዳርቻ ያለው አሳቲግ ደሴት ለዚህ ትምህርት ተስማሚ ነው።

ሌላው፣ ሉሩን (ሰው ሠራሽ ማታለያውን) ስትስብ እስከ መጨረሻዋ ስብራት ድረስ አትቸኩል። ብዙው ዓሣ የሚነክሰው ሰው ጨርሻለሁ ብሎ ክሩን ቶሎ ቶሎ በሚጠቀልልባት በመጨረሻዋ ቦታ ላይ ነው።

ውሃው ምን ዓይነት ሲሆን ነው ተስፋ የምንቆርጠው?

ከላይ ነጭ አረፋ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ውሃ ከሆነ ግቡ። ውሃው ማኪያቶ መስሎ ከደፈረሰ ወይም በየውርወራው ክሩ ላይ ሣር እየተጠመጠመ ከመጣ ጊዜ አታጥፉ። ማዕበሉ በረድ ብሎ ውሃው መጥራት ሲጀምር ተመለሱ። በክላም ለማጥመድ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሁለት ቀን የሚያህል የለም።

ዕቃው ምን ይሁን?

10 ወይም 11 ጫማ ዘንግ፣ 30 ፓውንድ የሚችል ብሬድ (የተጎነጎነ) ክር፣ ጫፉ ላይ ከ40 እስከ 50 ፓውንድ የሚችል ወፍራም ሊደር፣ ማለትም ሉሩ ወይም መንጠቆው የሚታሰርበት ክር። ለሉር የምመርጠው ከ1 ተኩል እስከ 2 አውንስ የሆነ ባክቴል (የአጋዘን ጅራት ፀጉር የታሰረበት ባለ ከባድ ራስ መንጠቆ) ነው፤ ነፋስ ይሰነጥቃል፣ ወደ ታችም ይወርዳል። ነፋሱ ፊት ለፊት ከመጣ ቦትል ፕለግ የሚባለው ጠርሙስ መሰል ሉር አይከዳም። በምግብ ለምታጠምዱ የፒራሚድ ቅርጽ ያለው ክሩን የሚያሰምጥ ከ4 እስከ 6 አውንስ የእርሳስ ብረት ይበቃል፤ ከተንሸራተተ የሽቦ እግር ያለው እርሳስ አሸዋውን ቆንጥጦ ይይዛል።

ክላም ወይም በንከር የሚባለውን ዓሣ ለማጥመጃ ምግብነት ስትጠቀሙ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረው ሰርክል ሁክ የሚባለው መንጠቆ ግዴታ ነው። ዓሣው ሲነክስ ዘንጉን አትንጠቁ፤ እስኪጎብጥ ጠብቁና ዝም ብላችሁ ጠቅልሉ።

ሌሊት ይሻላል ቀን?

ባሕሩ ጸጥ ሲል ሌሊት። ሲናወጥና ሰማዩ ሲደምን ግን እኩለ ቀንም ይነክሳል። ከሰዓቱ ይልቅ ውሃው እየሞላ ወይም እየጎደለ መሆኑን ጠብቁ።

ባለቤቴ ብቻውን በሌሊት ይሄዳል፤ ዋናም አይችልም። ምን ልበለው?

እህቴ፣ ብቻህን አትሂድ በይው፤ እኔም ከአንቺ ጋር እለምነዋለሁ። ብዙዎቻችን ባሕር ሳናይ ያደግን ሰዎች ነንና ይህን ጉዳይ አናቃልለው። የሚነፋ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ይግዛ። እስከ ደረት የሚደርሰውን ዌደር (ውሃ የማያስገባ ሱሪ) ሲለብስ ወገቡ ላይ ቀበቶውን አጥብቆ ይሰር፤ ቢወድቅ ውሃ በፍጥነት እንዳይሞላበት ይረዳዋል። ከጉልበቱ በላይ አይግባ፣ ለባሕሩም ጀርባውን አይስጥ። መጀመሪያ ደረቅ ቦታ ቆሞ ሩብ ሰዓት ያህል ይመልከት፤ ትልልቆቹ ሞገዶች በቡድን በቡድን ነው የሚመጡት፣ መሐል ላይ ያለው ጸጥታ ያታልላል። ድንጋይ ግድብ ላይ ብረት ጥርስ የሌለው ጫማ አድርጎ እንዳይወጣ፤ ማዕበሉ በላዩ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሞክረው።

ቅድም ለዓሣው በር ያልኩት ጉብታው የተቆረጠበት ቦታ፣ ውሃው ሰውን ወደ ጥልቁ የሚጎትትበትም እሱ ነው። ከዳር ሆኖ ይወርውርበት እንጂ አይግባበት። ድንገት ከወሰደው ወደ ዳር አይታገል፤ ተንሳፎ፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ እየቀዘፈ ከጉተታው ይውጣ።

ስንት መውሰድ ይፈቀዳል? ለምን እንዲህ ጠበቀ?

ውቅያኖሱ ዳር በቀን ለአንድ ሰው አንድ ዓሣ ነው፤ ርዝመቱም ከ28 እስከ 31 ኢንች። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለው የቼሳፒክ ቤይ የባሕር ወሽመጥ ደንብ የተለየ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የየግዛታችሁን ደንብና ፈቃድ አረጋግጡ።

የጠበቀው ዓሣው ስለተጎዳ ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990 ሮክፊሽ ማጥመድን ጨርሳ ዘግታ ነበር፤ ቁጥሩም አገገመ። አሁን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ቼሳፒክ ውስጥ በየዓመቱ የሚቆጠረው ጫጩት ከአማካዩ በታች ሆኗል። በጣም ትልልቆቹ በአብዛኛው እንቁላል የሚጥሉት ሴቶቹ ናቸው። ስለዚህ ትልቋን ስትይዙ አሸዋ ላይ አትጎትቷት፤ እጃችሁን አርጥቡ፣ ሆዷን ደግፉ፣ በጊል (በመተንፈሻዋ) አታንጠልጥሏት፣ በራሷ ጉልበት እስክትሄድ ውሃ ውስጥ ያዟት።

ለዱለት ይሆናል?

በደንብ! ሥጋው ነጭና ጠንካራ ስለሆነ አይፈርስም፤ ለጉላሽም ለጥብስም ይሆናል። ቆዳውን፣ የሆዱን ስብና በጎኑ የሚሄደውን ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋ ግን አውጡ፤ ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣው ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ኬሚካል የሚከማቸው ስቡ ውስጥ ነው። ነፍሰ ጡሮችና ልጆች ምን ያህል መብላት እንዳለባቸው ግዛቶቹ ያወጡት መመሪያ አለ፣ እሱን ተከተሉ። እንደያዛችሁት ደሙን አፍስሳችሁ በረዶ ውስጥ ክተቱት፤ ተቆጣጣሪ ርዝመቱን መለካት ስለሚፈልግ ቤት እስክትደርሱ አትቁረጡት።