ፊልሙ ለምን ይቆራረጣል? የቤት ሰርቨር ጥያቄና መልስ ለወሎ ልጆች

ሰላም ጀማዓ! ፊልምና ድራማ አንድ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ሰብስባችሁ ለቲቪና ለስልክ የምታሰራጩ ሰዎች ጥያቄ አጉርፋችኋል። አብዛኛው "ይቆራረጥብኛል" ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙት ጄሊፊን የሚባለውን ፊልም ማሰራጫ ፕሮግራም ስለሆነ በሱ እመልሳለሁ፤ ሌላውን ፕሮግራም፣ ፕሌክስን፣ የምትጠቀሙም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

ጥያቄ፣ ከደሴ ሆጤ፦ ሰርቨሬ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ ኮር አይ 5፣ አራተኛ ጀነሬሽን። አንዳንዱ ፊልም እንደ ውሃ ይፈሳል፣ አንዳንዱ በየደቂቃው ይቆማል። አዲስ ማሽን ልግዛ?

መልስ፦ ኧረ ብርህን ያዝ! መጀመሪያ የሚቆመውን ፊልም ክፈትና በስልክህ የጄሊፊንን ዳሽቦርድ እይ። "ዳይሬክት ፕሌይ" ካለ ሰርቨሩ ፋይሉን እንዳለ እየላከው ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ የለበትም ማለት ይቻላል። "ትራንስኮድ" ካለ ግን ብዙ ጊዜ ቲቪህ ያንን የፋይል ዓይነት ስለማይችለው፣ አንተ እያየህ ሰርቨሩ ቪዲዮውን ፈትቶ እንደገና እየሠራው ነው። ምክንያቱም እዚያው ተጽፏል፣ አንብበው። ያንተ ኤችኢቪሲ የሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዓይነት ይመስለኛል፣ ኤክስ265 የሚሉት። አራተኛ ጀነሬሽን ኢንቴል ቀደም ያለውን ዓይነት፣ ኤች264ን፣ በሃርድዌር (ለቪዲዮ በተሠራ ክፍሉ) ይሠራል፤ ኤችኢቪሲ ሲመጣበት ግን ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ወይ ቲቪው ላይ ኤችኢቪሲ የሚችል አንድሮይድ ቦክስ ሰካ፣ ወይ ፋይሎቹን ማታ ማታ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ኤች264 ቀይራቸው። የግድ ማሽን እገዛለሁ ካልክ ከሰባተኛ ጀነሬሽን በታች አትውረድ። ከዚያ ጀምሮ ያለው ኢንቴል 10 ቢት ኤችኢቪሲንም በኩዊክ ሲንክ (በዚያው የቪዲዮ ክፍሉ) ይሠራዋል። ጄሊፊን ላይ ይሄ በነፃ ነው፣ ፕሌክስ ግን ለሃርድዌር ትራንስኮድ ያስከፍላል።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ጥሩ ይሠራል፣ ከዚያ ይንቀራፈፋል።

መልስ፦ ሙቀት ነው። ማሽኑ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋኑን ከአቧራ አጽዳ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን የሙቀት ፔስት አስቀይር። ደግሞ ቡፌ ውስጥ ከስኒና ብርጭቆ ጋር የቆለፍከው ከሆነ አውጣው፣ በኮምቦልቻ ሙቀት አይሆንም!

ጥያቄ፣ ከወልድያ፦ የአማርኛ ሰብታይትል ስከፍት ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። የእንግሊዝኛውን ስከፍት ደግሞ ፊልሙ ይቆማል።

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለሽ እህቴ። ሳጥኑ የፎንት ጉዳይ ነው፤ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነፃ ፎንት አውርጂና ሰርቨሩ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጊው። ከዚያ ጄሊፊን ቅንብር ውስጥ "ፎልባክ ፎንት" (ተተኪ ፎንት) የሚለውን አብሪና ፎልደሩን አሳዪው። ብሮውዘር ላይ ሊሠራልሽ ይችላል፤ ቲቪው እምቢ ካለ ግን ችግሩ የቲቪው አፕ ነው። በሳጥን ፈንታ የጥያቄ ምልክትና የተዘበራረቀ ምልክት ከሆነ የሚታይሽ ፎንት አይደለም፤ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቺው፤ እዚያ አማርኛው በትክክል ከታየ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ሴቭ አድርጊው።

የሚቆመው ደግሞ እንግሊዝኛው ጽሑፍ ስላልሆነ ነው። ከብሉሬይ የመጣው ፒጂኤስ የሚባለው ሰብታይትል ሥዕል ነው። ብዙ ቲቪ እሱን መሳል ስለማይችል ሰርቨሩ ቪዲዮው ላይ ያትመዋል፣ ለዚያ ብሎ ሙሉውን ፊልም ትራንስኮድ ያደርጋል። አንዲት መስመር ጽሑፍ ደካማ ማሽን የምታንበረክከው በዚህ ነው። መፍትሔው ኤስአርቲ (.srt) የሚባለው፣ ጽሑፍ የሆነው ሰብታይትል ፋይል ነው። ስሙን ከፊልሙ ስም ጋር አንድ አድርገሽ፣ ለአማርኛው ከስሙ መጨረሻ፣ ከ.srt በፊት፣ በነጥብ ለይተሽ ኤ እና ኤም የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደሎች (.am) ጨምሪ፤ ጄሊፊን ራሱ ለይቶ ያነሳዋል።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ 4ኬ ፊልም ይቆራረጣል። ትልቅ የኢንተርኔት ፓኬጅ ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም! ሰርቨሩና ቲቪው አንድ ራውተር ላይ እስካሉ ኢንተርኔትህ ጉዳዩ ውስጥ የለበትም። መንገዱ ቤትህ ውስጥ ነው የሚጠበው። ትልልቅ የ4ኬ ፋይሎች በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ሜጋቢት ይፈልጋሉ። ሰርቨሩም ቲቪውም በዋይፋይ ከሆኑ አንዱን አየር ሁለቴ ነው የሚጠቀሙት፤ ቢያንስ ሰርቨሩን በኬብል አድርገው። ኬብል አስገብተህም ፍጥነቱ 1000 ሜጋቢት (ጊጋቢት) መሆን ሲገባው 100 ካለህ፣ ኬብሉ ውስጥ የተበጠሰ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል፣ 100 ግን በአራት ይሠራል። ቲቪው ላይ ግን ተቃራኒው ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ቲቪ የኬብል መሰኪያው 100 ብቻ ስለሆነ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ይበልጠዋል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ካለህ ግን 5 ጊጋኸርዝ አይሻገርልህም።

ጥያቄ፣ ከደሴ ሸዋ በር፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ ፕሌክስ አልከፍትም ይላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ይጠፋል።

መልስ፦ አብሽር። ፕሌክስ መግቢያህን የሚያረጋግጠው በኢንተርኔት ነው። ኔትወርክ ቅንብሩ ውስጥ "መግቢያ ሳይጠየቁ የሚፈቀድላቸው አድራሻዎች" የሚል ቦታ አለ፤ የቤትህን ኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) እዚያ ጻፍ፣ ኢንተርኔት ሳይጠፋ በፊት። ጄሊፊን ግን አካውንቱ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ለኛ አገር እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ለመብራቱ ላፕቶፕ ሰርቨር ከዴስክቶፕ ይሻላል፣ ባትሪው መብራት ሲጠፋ የሚይዝለት ዩፒኤስ ነው። ሰው የሚረሳው ራውተሩን ነው። ለራውተር የምትሆን ትንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ ግዛ፤ ቮልቱን ግን ከአዳፕተሩ ጽሑፍ ጋር አስተያይ። ዴስክቶፕ ከሆነ ድንገት መጥፋቱ ዳታቤዙን ሊያበላሸው ይችላል፣ የጄሊፊንን ዳታ ፎልደር በየጊዜው ኮፒ አድርግ።

ጥያቄ፣ ከከሚሴ፦ ፊልሙ ጥሩ ይጫወታል፣ ፖስተሮቹ ግን እስኪመጡ ሻይ ይፈላል።

መልስ፦ ጄሊፊንን ከነዳታው ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣን ዲስክ ላይ አድርገው። ፊልሞቹ እዚያው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጡ፣ ችግር የለም። የቻፕተር ሥዕልና ትሪክፕሌይ (ፊልሙን ስታሳልፍ የሚታዩት ትንንሽ ሥዕሎች) የሚባለውን ሥራ ለሌሊት ቅጠረው፣ ቀን ላይ ፕሮሰሰሩን ይበላል። የአማርኛ ድራማ ያለበትን ላይብረሪ ደግሞ ለብቻው ለይና ከኢንተርኔት መረጃ መፈለጉን አጥፋው። አብዛኛውን አያገኘውም፣ ሲያገኝም የሌላ ፊልም ፖስተር ይለጥፍብሃል።

ጥያቄ፣ ከመርሳ፦ የቤተሰብ ሰርግና መንዙማ በዲቪዲ አለን። ስልክ ላይ ሲከፈት ሰርቨሩ ይጮሃል፣ ሰው ሲንቀሳቀስም ዳሩ ማበጠሪያ ይመስላል።

መልስ፦ ዲቪዲ ኤምፔግ-2 ነው፤ ብዙ ስልክ በቀጥታ አይከፍተውም፣ ስለዚህ በተከፈተ ቁጥር ትራንስኮድ ነው። የማበጠሪያው ነገር ቪዲዮው ኢንተርሌስድ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሥዕል በመስመር መስመር ለሁለት ተከፍሎ የተቀረጸ፣ ስለሆነ ነው። ሃንድብሬክ ላይ ኤች264፣ ጥራቱን 20፣ ዲኢንተርሌስ የሚለውን አብራና አንድ ጊዜ ቀይረው። መንዙማው ላይ ድምፁን ከ160 ኪሎቢት አታሳንሰው፣ ድቤው ይደፈናል። ዲቪዲዎቹን ግን እንዳትጥላቸው።