ከመደረባችሁ በፊት ስንጥቁን ስሙት

ልጆች፣

ቀላል አውሮፕላን በእጁ የሚሠራ ሰው ስለ ክንፉ ዋና ምሰሶ እንቅልፍ ያጣል። የሚዘነጋው የጭስ ማውጫውን የሚደግፈው ላሜራ፣ የሞተር ሽፋኑ መያዣ፣ የትሪሙ (የትንሿ ማስተካከያ ክንፍ) ማጠፊያ ነው። ንዝረት ቀድሞ የሚበላው ግን እነዚህን ነው። በደቂቃ 2400 ዙር የሚዞር ባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ 4 ምት ሞተር በአንድ ሰዓት 288,000 ጊዜ ያቀጣጥላል፤ አሉሚኒየም ደግሞ «ከዚህ በታች ብትነቀንቁኝ አልደክምም» የሚልበት ወሰን የለውም።

ስትመረምሩ መጀመሪያ አጽዱ፤ በሽቦ ብሩሽ ግን አይሁን፣ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል። ባትሪውን ከጎን አጋድማችሁ አብሩ፣ ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ያዙ። ከሪቬት (ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዘው ሚስማር) ሥር ጥቁር ጭረት ወደ ኋላ ከወጣ ሪቬቱ ላልቷል። ከተጠራጠራችሁ ቀዩን ሰርጎ ገብ ቀለም ቀቡ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፣ ትርፉን በማጽጃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። ማጽጃውን በቀጥታ ከረጫችሁበት ስንጥቁ ውስጥ የገባውንም ያጥበዋል። ከዚያ ቀለሙን ወደ ላይ ስቦ የሚያሳየውን ነጭ ገላጭ ንፉበት፤ ቀይ መስመር ከወጣ ስንጥቅ ነው።

ስንጥቅ ስታገኙ ወፍራም ላሜራ ለመቁረጥ አትሩጡ። ከመታጠፊያው ላይ ከሄደ ላሜራው ከአቅሙ በላይ ጠብቆ ታጥፏል፤ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 2024-ቲ3 (ጠንካራ የአውሮፕላን አሉሚኒየም) የመታጠፊያው የውስጥ ራዲየስ ከ3 ሚሊሜትር ባያንስ ይሻላል። ከሪቬት ቀዳዳ ከተነሣ ከቀዳዳው መሐል እስከ ጠርዙ ለኩ። ከሪቬቱ ዲያሜትር 2 እጥፍ ካነሰ ጥፋቱ እዚያ ነው፤ የ3.2 ሚሊሜትር ሪቬት ቢያንስ 6.4 ይፈልጋል፣ እኔ 8 እተዋለሁ። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ እንደ ክር ከሄደ መነሻው በስለት ያሰመራችሁት መስመር ይሆናል። በእርሳስም አታስምሩ፣ ግራፋይቱ አሉሚኒየሙን ያስበላዋል፤ ማርከር ይበቃል።

ከሁሉ የሚደበቀው ምክንያት ግን ቁራጩ ከቦታው ጋር ሳይገጥም በብሎን ተስቦ መታሰሩ ነው። እንዲህ ያለው ገና መሬት ላይ ሳለ ተወጥሮ ይኖራል። ብሎኑን ፍቱት፤ ቁራጩ ዘሎ ከቀዳዳው ከራቀ አገኛችሁት። መድኃኒቱ ክፍተቱን የሚሞላ ስስ ማስገቢያ ነው። ወፍራም ላሜራ ብታስሩበት ውጥረቱን ያባብሰዋል።

ትንሽ ቁራጭ ከሆነ አትጠግኑት፣ አዲስ ሥሩ። በስንጥቁ ጫፍ 3 ሚሊሜትር ያህል መብሳት ለሞተር ሽፋን ለጊዜው ያገለግላል፤ ጭነት ለሚሸከም አይሆንም። በላዩ ሌላ ላሜራ መደረብ ግድ ከሆነ ድርቡ ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፣ ጫፉም እየጠበበ ይለቅ። ጥንካሬ በድንገት ባለቀበት አዲስ ስንጥቅ ይነሣል። 6061-ቲ6 የሚባለውን አሉሚኒየም በብየዳ አጠነክራለሁ የሚል ሰው ሙቀቱ የሚያደርገውን አያውቅም፤ በብየዳው ዙሪያ ያለው ብረት ይለሰልሳል። ጠርዙን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሱት፤ ጭረቱ ጠርዙን ተከትሎ ይሂድ እንጂ አያቋርጠው።

አውሮፕላኑን በሚመሩት ተንቀሳቃሽ ክንፎች፣ በአይለሮን፣ ኤሌቬተርና ራደር ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ከማጠፊያው በስተኋላ የተጨመረ ጥቂት ግራም ሚዛኑን ያዛባል፤ ሚዛኑን ያጣ ደግሞ በፍጥነት ላይ እየተርገፈገፈ ተገንጥሎ ሊሄድ ይችላል። ዲዛይነሩን ሳትጠይቁ፣ ሚዛኑን እንደገና ሳትለኩ ምንም አትደርቡ።

ብሎን በቶርክ ቁልፍ እሰሩ። ለተለመደው የኤኤን3 (ትንሽ የአውሮፕላን) ብሎን ከ2.3 እስከ 2.8 ኒውተን ሜትር ይበቃል፤ የለመደ ክንድ ሳያውቀው ያልፈዋል። ናይለን ያለው ዳዶ በጣት የሚዞር ከሆነ ጣሉት፣ ከሞተሩ ሙቀት አጠገብም አታስገቡት። መገጣጠሚያው የሚዞር ከሆነ ቀዳዳ ያለው ብሎን፣ አናቱ የተከፈለ ዳዶና ዳዶው እንዳይዞር በቀዳዳው የሚያልፍ ኮፒሊያ ያስፈልጋል። አስራችሁ ስትጨርሱ ከዳዶው እስከ ላሜራው የቀለም መስመር ሳቡ፤ መስመሩ ከተቋረጠ ዳዶው ዞሯል። አዲስ የገባ ቁራጭ ከመጀመሪያው በረራ እንደወረደ፣ ከዚያ በ5ኛውና በ25ኛው ሰዓት ሽፋኑ ተከፍቶ ይታይ።