የእንጨት መክተፊያ ማሽን ምላጭ ለምትገጥሙ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ምላጭ ስገጥምና ስስል በኖርሁባቸው ዓመታት፣ ብዙ ሰው ይህን ሥራ ብሎን ፈትቶ ከማሰር የማይዘል አድርጎ ሲያየው አስተውያለሁ። እኔ የሥራው ግማሽ ብሎኑ ከመነካቱ በፊት ያለው ነው ብዬ ስለማምን፣ ከዚያው ልጀምርላችሁ።

ሞተሩን ማጥፋት ማሽኑን አያቆመውም። ምላጮቹ የሚታሰሩበት ብረት፣ ዲስክም ይሁን ከበሮ፣ ከባድ በመሆኑ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለደቂቃዎች ሊሽከረከር ይችላል፤ ድምፁ እየቀነሰ ስለሚሄድ ደግሞ የቆመ ይመስላል። ስለዚህ የማስነሻውን ቁልፍ ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ፣ በቤንዚን የሚሠራ ከሆነ የካንዴላውንም ገመድ ንቀሉ፤ ጉልበቱን ከትራክተር የሚወስድ ከሆነም ማስተላለፊያውን ዘንግ አላቅቁ። ክዳኑ የሚከፈተው ዲስኩ ፈጽሞ መቆሙ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከዚያም ዲስኩ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው መቆለፊያ ፒን በቦታው መግባቱን በእጃችሁ ነቅንቃችሁ ሳታረጋግጡ ምንም አትፍቱ።

ይህን የመጨረሻውን አጥብቄ የምናገረው ረዳት በነበርሁበት ጊዜ ስለደረሰብኝ ነው። ማሽኑ አራት ምላጭ ያለው ነበር፤ ዲስኩ ቆሟል፣ እኔም መቆሙን አይቼ ፒኑን ሳላስገባ በጎን በኩል ያለውን ምላጭ ፈታሁ። ምላጩን ከመቀመጫው እንዳነሳሁት የዲስኩ ሚዛን ተዛባ፤ ተቃራኒው ወገን ስለከበደ ወደ ታች ወረደ፣ ከሥር የነበረው ቀጣይ ምላጭም ወደ ላይ መጥቶ የግራ እጄን ጓንት በሌባ ጣቴ ጫፍ ላይ ቀደደው፤ ጥፍሬ ላይም ቀጭን መስመር ተወ። እስከ ዛሬ የማስታውሰው ምንም ድምፅ አለመሰማቱን ነው። ሞተር አልነበረም፣ ማስጠንቀቂያም አልነበረም፤ ብረቱ በገዛ ክብደቱ ዞረ። አሠሪ ቢያጣድፋችሁም እንኳ ፒኑን ለማስገባት የምትወስዱትን ጊዜ ማንም እንዲቀንስባችሁ አትፍቀዱ።

ምላጩ ከወጣ በኋላ መቀመጫውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። የእንጨት ሙጫና ሰጋቱራ በሙቀት ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ አዲሱ ምላጭ በዚያ ላይ ከተቀመጠ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለማይተኛ በየምቱ ይወዛወዛል፣ ብሎኑም ቀስ በቀስ ይላላል ወይም ይሰበራል። የብሎን ነገር ከተነሣ፣ ራሱ ላይ 10.9 ወይም 12.9 ተብሎ የተጻፈበትን ብሎን መጠኑ ስለገጠመ ብቻ በ8.8 አትተኩ፤ ጥንካሬያቸው አንድ አይደለም። ጥርሱ የተበላውን ወይም አንገቱ የሳሳውን ጣሉት፤ አምራቹ በየቅያሬው አዲስ ግጠሙ ካለም እንዲሁ አድርጉ። ማጥበቂያውም ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ ይሁን፣ ልኩም ከመመሪያው መጽሐፍ ይወሰድ። መመሪያው ሳያዝ ጥርሱን ዘይት አትቀቡ፤ ዘይት የነካው ብሎን በዚያው ልክ ሲጠብቅ ከሚገባው በላይ ስለሚወጠር ሊበጠስ ይችላል።

ስለ መሳል ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፣ ብዙ ምላጭ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የተከተፈው እንጨት ረጃጅም ክር እየሆነ ሲወጣ፣ ልጡ ሳይቆረጥ ሲተለተል፣ ዱቄቱ ሲበዛና ሞተሩ በቀድሞው እንጨት ሲደክም ምላጩ ደንዟል ማለት ነው። ስትስሉ አምራቹ ያወጣለትን ማዕዘን ጠብቁ፤ ይበልጥ ይሳላል ብላችሁ ጠርዙን ብታሳሱት በመጀመሪያው ጠንካራ እንጨት ይሸረፋል። ግራይንደሩን አጥብቃችሁ አትጫኑት። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ብረቱ ከልክ በላይ ሞቆ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ያ ምላጭ ለጊዜው ስለታም ቢመስልም ወዲያው ይደነዝዛል። እየሠራ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚያፈስ መሳያ ከሌላችሁ በቀስታ እየነካችሁና እያሳረፋችሁ ሳሉ እንጂ፣ የጋለውን ብረት ውኃ ውስጥ አትንከሩት፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊይዝ ይችላል።

አንዱን ምላጭ ብቻ ስሎ ሌላውን መተው ከስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ምላጮች ሁሉ እኩል ተስለው በሚዛን መመዘን አለባቸው። በአንድ ወገን የ100 ግራም ልዩነት ቢኖርና ከመሐሉ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ በደቂቃ 1000 ጊዜ ቢዞር፣ ከ33 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ጋር የሚስተካከል ጉልበት በየዙሩ ኩሽኔታውን ይጎትታል። በሰከንድ ከ16 ጊዜ በላይ መሆኑን አስቡት። ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ምክንያቱን ከዚህ መፈለግ ጀምሩ።

ምላጭ በተሳለ ቁጥር ስለሚያጥር፣ በእርሱና ከማሽኑ አካል ጋር ታስሮ በማይዞረው ቋሚ ምላጭ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ክፍተቱን ለመለካት መቆለፊያ ፒኑን ስትነቅሉ ጣታችሁን ከውስጥ አውጡና ዲስኩን በረዥም እንጨት እየገፋችሁ አዙሩ፤ ለመለካት ባቆማችሁት ቁጥር ፒኑን መልሱ። ክፍተቱን ለእያንዳንዱ ምላጭ በሁለቱም ጫፍ ለኩ። አንዱ ጫፍ ከሌላው ከተለየ ከመቀመጫው ሥር ቆሻሻ ቀርቷል ወይም ቋሚው ምላጭ ተንጋድዷል፤ ቅርብ የሆነው ጫፍ ማሽኑ ሲፈጥን ሊጋጭ ስለሚችል በግምት አትለፉት።

ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት የያዛችሁትን መፍቻ ሁሉ ቆጥራችሁ መልሱ፣ መቆለፊያ ፒኑም መውጣቱን እዩ። መጀመሪያ በዝግታ አስነሡት፤ ከማስገቢያውና ከመትፊያው አፍ ራቅ ብላችሁ በጎን ቁሙና ድምፁን አዳምጡ። መመሪያው ባዘዘው ሰዓት፣ ወይም ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት የሥራ ሰዓታት በኋላ፣ የብሎኖቹን ጥብቀት እንደገና ለኩ። ያን ጊዜም ቁልፉ ተነቅሎ ኪስ ይገባል፣ ዲስኩ እስኪቆም ይጠበቃል፣ ፒኑም ይገባል።