ቺንጊያው ሲጮህ ከመቀየርህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። መኪናህ ጠዋት ሲነሳና ኤሲ ስትከፍት ሲር እያለ ይጮሃል፣ «ቺንጊያ (ሞተሩ ላይ የሚዞረውን የጎማ ቀበቶ) ልቀይር ወይ?» ብለሃል። ቆይ፣ አትቸኩል። በድሬ ሙቀት ኤሲ ሲከፈት ኮምፕረሰሩ ለቺንጊያው ትልቅ ሸክም ነው። የላላ ከሆነ ያኔ ይንሸራተታል።

ሞተሩ እየሠራ በቺንጊያው ጥርስ በኩል ትንሽ ውሃ ርጭ። እጅጌህን ሰብስብ፣ እጅህን ከፋኑ አርቅ፤ ይሄን አደራ። ድምፁ ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሌጋዎቹ (ቺንጊያው የሚዞርባቸው ክብ ብረቶች) መስመር ሳይስቱ አይቀሩም። ከባሰበት ግን ቺንጊያው ላልቷል፣ ወይም ቺንጊያውን የሚወጥረው ቴንሽነር ደክሟል። ውሃው ምንም ካልለወጠና ድምፁ ኩርርር የሚል ከሆነ ኩሽኔታ (ፑሌጋው ያለ ችግር እንዲሽከረከር የሚያደርገውን የብረት ቀለበት) ጠርጥር። እኔ ራሴ ቺንጊያ ቀይሬ ጩኸቱ አልጠፋ ብሎኝ፣ ጥፋቱ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ኩሽኔታ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚያ ሞተሩን አጥፋና የቺንጊያውን ውስጠኛ ጎን እየው። እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ከተሰነጣጠቀ ይቀየር። ዘይት ከነካው ግን መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቦታ አሠራ፤ አለዚያ አዲሱም ይበላሻል። የሚረጭ ማለስለሻ አትግዛ፣ ድምፁን ነው የሚደብቀው።

የባትሪ መብራት ከበራ ወይም ሙቀቱ ከጨመረ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር እንዳትወጣ። በብዙ መኪና ያው ቺንጊያ ከዲናሞው ሌላ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕም ያዞራል።