መልስ፦ የ«ሚስተር ሚራክል» 18ኛ ቁጥር ለምን ተጣደፈ?

«ሰርጉ ከየት መጣ? ሳላነብ የዘለልኩት ቁጥር አለ እንዴ?» ብለህ ለጠየቅከው፦ የለም ወንድሜ፣ ምንም አላመለጠህም። ኮሚኩ (ማለትም በሥዕል የሚተረከው የጀግናው የሚስተር ሚራክል ታሪክ መጽሔት) ስለተሰረዘ ነው እንደዚያ የሆነው።

ደራሲና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ ለአሜሪካዊው የኮሚክ አሳታሚ ዲሲ እርስ በርስ የተያያዙ ኮሚኮችን ይሠራ ነበር። «ኒው ጎድስ» እና «ፎርኤቨር ፒፕል» እ.ኤ.አ. በ1972 ሁለቱም 11ኛ ቁጥራቸው ላይ ተቋረጡ። «ሚስተር ሚራክል» ተረፈ፤ ግን ከትልቁ ታሪክ ተነጥሎ፣ በየእትሙ ሌላ ሌላ ጀብዱ ውስጥ ይገባ ጀመር። በ1974 የእሱም ተራ ደረሰ።

ከርቢ የቀረችው አንዲት እትም ነበረች። ስለዚህ ሁሉንም ጠራቸው። የድሮ ጠላቶች መጡ፣ ከትልቁ ታሪክ ጀግኖች ኦራይን መጣ፣ ሃይፋዘር መጣ፣ ስኮት (ሚስተር ሚራክል ራሱ) እና ፍቅረኛው ባርዳ ድብድቡ መሀል ላይ ተጋቡ። ሰርግና ምላሹ በጥቂት ገጾች አለቀ! መጨረሻ ላይ የትልቁ ታሪክ ዋና ጠላት ዳርክሳይድ ራሱ ብቅ ይላል። እኔ በበኩሌ እሷን ትዕይንት ብቻ ለማየት ቁጥሩን እገዛዋለሁ። ያለፉት ጥቂት ቁጥሮች ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብትዘላቸውም አይቆጭህም።

ቀጣዩን ከፈለግክ በ1977 ከ19ኛው ቁጥር ተጀምሯል። ጸሐፊው ስቲቭ ኢንግልሃርት፣ ሠዓሊው ማርሻል ሮጀርስ ነው።