ስቴብል የተባለው ከርነል ሰርቨሬን አደረቀው ላልከው ወንድም

አሁን ለሚቀላቀሉን ጥያቄህን ላሳጥረው። ዴቢያን (ከሊኑክስ ስርጭቶች አንዱ) የተጫነበትን የቢሮ ሰርቨር ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘውን የሲስተሙን እምብርት፣ አፕዴት አደረግክ፣ በሁለተኛው ሌሊት ማሽኑ ደረቀ፣ ጠዋት ፓወሩን ነቅለህ አስነሳኸው። «ሊኑክስ አይበገርም የምትሉት ወሬ ነው ወይ? አፕዴት ማድረጉን ላቁም ወይስ ጠቅልዬ ወደ ፍሪቢኤስዲ ልሂድ?» ብለሃል (ፍሪቢኤስዲ ከሊኑክስ የተለየ ሌላ ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው)። ከእኔ በፊት የመለሰልህ ሰው ደግሞ «ኮዱ ክፍት ነው፣ ሺህ ዓይን ያየዋል፣ ባግ አይቆይበትም» አለህ፤ ባግ ማለት የኮድ ስህተት ነው።

ከሱ ልጀምር፤ እኔም ለጀማሪዎች ይህንኑ ስሰብክ ኖሬያለሁና። ደርቲ ካው የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ በ2007 ከወጣው ከርነል 2.6.22 ጀምሮ ነበረ፣ የተደፈነው ኦክቶበር 2016 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ተራ ተጠቃሚ ሩት (የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን) የሚሆንበት መንገድ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዓለም ፊት ተዘርግቶ ከረመ። ክፍት ኮድን ማንም ሊያየው ይችላል እንጂ ሰው ቁጭ ብሎ አይቶታል ማለት አይደለም።

አንተን ያሳሳተህ ግን «ስቴብል» የሚለው ቃል ይመስለኛል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በየዘጠኝ ወይም በየአሥር ሳምንቱ አዲስ ከርነል ያወጣል። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አዲስ ነገር ይገባል፣ ከዚያ አርሲ (ለመውጣት የታጨ እትም) እየተባለ በየሳምንቱ ይታረማል። ከወጣ በኋላ ጥገናውን የሚረከበው ስቴብል የሚባል ሌላ ቅርንጫፍ ነው፤ ግሬግ ክሮ-ሃርትማንና ክሪስ ራይት በ2005 የጀመሩት። ደንቡ አጭር ነው፦ ማረሚያ ብቻ፣ ያውም አስቀድሞ ዋናው ከርነል ውስጥ የገባ፣ ከ100 መስመር ያልበለጠ። ስለዚህ 6.1.64 ስትል የመጨረሻው ቁጥር 6.1 ስንት ዙር እንደታረመ ነው የሚነግርህ። ስቴብል ማለት አዲስ ባሕርይ አይጨመርበትም ማለት ነው። «ባግ የሌለበት» ብለን የተረጎምነው እኛው ነን።

ማረሚያውም ኮድ ነው። ዲሴምበር 2023ን አስታውስ። ለኤክስት4፣ ሊኑክስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ ለሚያደራጅበት ፋይል ሲስተም፣ የተጻፈ አንድ ማረሚያ ወደ 6.1 ሲወሰድ፣ እሱ የሚደገፍበት ሌላ ለውጥ ሳይከተለው ቀረ። ዋናው ከርነል ላይ ሁለቱም ስለነበሩ ምንም ችግር አልነበረም። 6.1.64 ላይ ግን አንዱ ብቻውን ሲገባ በዳይሬክት አይኦ (የከርነሉን ጊዜያዊ ማከማቻ ዘልሎ በቀጥታ ወደ ዲስክ) የሚጽፍ ፕሮግራም ፋይሉ ውስጥ የት እንደደረሰ የሚያመለክተው ቁጥር ተዛባ፣ ዳታም ተበላሸ። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ይሏል ይሄ ነው። ዴቢያን 12.3ን ሊያወጣ ደጃፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ኢሜጆቹን (የመጫኛ ፋይሎቹን) አቆማቸው፣ ማረሚያው ያለበትን 6.1.66 ይዞ በማግስቱ 12.4 ብሎ ወጣ። ልብ በል፣ ብዙ ሰው ምንም አልደረሰበትም፤ አብዛኛው ፕሮግራም በዳይሬክት አይኦ አይጽፍምና። የሚጽፉት በብዛት ዳታቤዝና ቨርቹዋል ማሽን ናቸው። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስ ብዙ የማይመዝነው ለዚህ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ከርነል ጭኖ የሚሄድበት የኮድ መንገድ ግን ለየቅል ነው።

ፍሪቢኤስዲ? ጥሩ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ከርነሉና መሠረታዊ ፕሮግራሞቹ በአንድ ቤት ስለሚሠሩ ደስ ይላል። ግን ከዚሁ የኤክስት4 ጉድ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ፍሪቢኤስዲም የሚጠቀምበት ኦፕን ዜድኤፍኤስ የተባለ ፋይል ሲስተም ላይ ፋይል ሲገለበጥ ከዳታው ከፊሉን በዜሮ የሚተካ ባግ ታይቶ፣ ፍሪቢኤስዲም የዚያን ማረሚያ ማውጣት ነበረበት። ከባግ ሸሽተህ ከሆነ የምትሄደው አትልፋ።

አሁን የራሴን ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተዳድረው አንድ ሰርቨር እንዳንተው በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይደርቅ ነበር፣ የጀመረው ከርነል በቀየርኩ ሳምንት ነው። ከርነሉን ሰደብኩ። ወደ ቀድሞው መለስኩት፣ አራት ቀን ሠራ፣ «አላልኳችሁም!» አልኩ። በአምስተኛው ደረቀ። ሦስት ከርነል ተፈራረቀበት። በመጨረሻ አንድ ዓርብ ማታ ሜምቴስት (ራም የሚፈትሽ ፕሮግራም) ለቅቄበት ሄድኩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ስመጣ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞልቷል። ጥፋተኛው ያገለገለ ራም ነው። ለካስ በዚያው ሳምንት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጥቶ ነበር፣ እሱን ግን ማን አስታውሶ። ሰው አፕዴቱን ያስታውሳል፣ ምክንያቱም እጁ ያለበት እሱ ላይ ነው።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የከርነሉ ሆነ። ሌሊት ባክአፕ ሲጀምር ኔትወርኩ ይሞታል፣ ማሽኑ ራሱ አልሞተም። ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክቶች መዝገብ) ላይ «ትራንስሚት ኪው ታይምድ አውት» የሚል ተደርድሯል፤ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) ጭነት ሲበዛበት ይቆማል። ከግራብ ሜኑ (ማሽኑ ሲነሳ ከርነል የሚመረጥበት) የቀድሞውን ከርነል መርጬ አስነሳሁት፣ ሁለት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ፣ ቀጥሎ የወጣው ዙር አረመው። ከከርነሉ ኮድ ከግማሽ በላይ ድራይቨር መሆኑን ስታውቅ ጠብ የሚነሳው ከየት እንደሆነ ይገባሃል። ፕሮሰስ የሚያቀያይረውና ሜሞሪ የሚያድለው ክፍል ዓለም ሁሉ በየሰከንዱ የሚፈትነው ነው፣ ያንተን ካርድ ያንተን ሞዴል ግን የሚፈትነው ማነው? አንተ ነህ።

ስለዚህ አፕዴት አታቁም። ከ2016 በፊት ያቆመ ሰው ደርቲ ካውን ዛሬም ይዞ ይዞራል። እኔ የማደርገው፣ የደኅንነት ማረሚያ ካልሆነ አንድ ሳምንት ሌሎች ይቅመሱት ብዬ እጠብቃለሁ፣ መጀመሪያ ባይነሳ የማያስለቅሰኝ ማሽን ላይ እጭነዋለሁ፣ የቀድሞውን ከርነል ከግራብ ላይ አላጠፋም (ቦታ ለማስለቀቅ ብለው የሚያጠፉትን አያችሁ? አታድርጉ)። ባክአፕ አለህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፣ መልሱን ፈርቼ ነው።

ያንተን ሰርቨር በተመለከተ፣ ከዚህ ሆኜ ጥፋቱ የማን ነው ብል ዋሸሁ። ማሽን ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ የመጨረሻው መልእክት ብዙ ጊዜ ዲስክ ላይ ሳይደርስ ይቀራል፣ ስለዚህ ሎጉ ንጹሕ ነው ብለህ ከርነሉን ነጻ አታውጣው። ጎን ለጎን ሌላ ኮምፒውተር ካለህ ኔትኮንሶል ክፈት፣ የከርነሉን የመጨረሻ ቃል በኔትወርክ ይልክልሃል። ዛሬ ማታ ግን ሜምቴስት ልቀቅበት። ራሙ ካለፈ በቀድሞው ከርነል አንድ ሳምንት አሠራው፤ ካልደረቀ የሁለቱን ከርነሎች ሙሉ ቁጥር፣ የኔትወርክ ካርዱን ሞዴል፣ ከውጭ የጫንከው የግራፊክስ ወይም ሌላ ድራይቨር ካለ እሱንም ጨምረህ እዚሁ ለጥፍ። ከርነሉ «ቴይንትድ» የሚል ምልክት (ከውጭ የመጣ ድራይቨር ወይም ሌላ እንግዳ ነገር ነክቶታል ማለት ነው) ካለበት አትደብቀው፣ ሪፖርት ስናደርግ መጀመሪያ የሚጠይቁን እሱን ነው። ስክሪኑ ላይ የቀረ ጽሑፍ ካለ በስልክህ ፎቶ ያነሳኸውም ይበቃል፣ ብቻ ከላይ ያለው መስመር አይቆረጥ።